ወደ ጅማ የታሰበው መንገድ

በአጥቢያችን የወጣቶች ፕሮግራም ላይ በየጊዜው የጥያቄ ሳጥን እናስቀምጣለን። ሳጥኑን ስንከፍት ከሁሉ በብዛት የሚወጣው ጥያቄ ስለ መንፈስ ቅዱስ ስጦታ ወይም ስለ መጨረሻው ዘመን አይደለም፤ «ይህ ነገር የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» የሚል ነው። አጻጻፉ ይለያይ እንጂ ከጥያቄው በስተ ጀርባ ያለው ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር ወይም ከአገር መውጣት ነው።

ባለፈው ከወጡት ወረቀቶች አንዱን አሁንም በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። የጻፈችው እህት ስሟን አልገለጸችም። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ደመወዝ ያለው ሥራ አግኝታለች። ጨንቻም የመምህርነት ቦታ አለ፤ ደመወዙ አነስተኛ ነው፣ ነገር ግን እናቷ እዚያ ናቸው፣ ታመዋልም። አንድ አገልጋይ እየጸለየላት «አውሮፕላን ይታየኛል» ብሏታል። ሦስት ቀን ጾማለች። ወረቀቱ የሚያልቀው እንዲህ ነው፦ «ጌታ ዝም አለኝ። ምን በድዬው ይሆን?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያች የመጨረሻ መስመር እንቅልፍ ነሥታኛለች። ይህች ልጅ ከሥራ ምርጫ አልፋ ጌታ ትቶኛል ወደሚል ሐሳብ እየሄደች ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሁለት ጥቅስ መልሼ ማለፍ አልፈለግሁም። ኮሌጅ ያጠናሁት ታሪክ ስለሆነ ወደማውቀው ልሂድ፤ ከእኛ በፊት በዚሁ በደቡብ ምድር ከባድ ውሳኔ የወሰኑ አማኞች ምሪትን እንዴት እንዳገኙ ልተርክላችሁ።

ከወንጌል በፊት ከነበረው ልጀምር። በጋሞ ተራሮችም ሆነ በወላይታ አያቶቻችን ሳይጠይቁ አይወስኑም ነበር። ልጅ ሲታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ከብት ሲያልቅ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ጠንቋዩ ወይም የታረደ በግ አንጀት ዘርግቶ የሚያነበው ሰው ምን እንደ ተበላሸ፣ የትኛው ጎሜ እንደ ተጣሰ፣ ምን ቢታረድ ነገሩ እንደሚቃና ይናገራል። ጎሜ ምን እንደሆነ ከከተማ ለመጣችሁት ባጭሩ ልበል፤ ሥርዓት ሲጣስ በሰውየው፣ በቤተሰቡ ወይም በአገሩ ላይ ይመጣል ተብሎ የሚፈራው መዘዝ ነው። አያቶቻችንን ለመናቅ አይደለም ይህን የማነሣው። ኑሯቸው በዝናብና በእንሰት ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ነገን መፍራታቸው አያስገርምም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ጠያቂው ወደ ጠንቋይ ቤት የሚሄድበትን ምክንያት ነው። የሚሄደው ነገ የሚሆነውን አውቆ እንዲያርፍ ነበር። የጠንቋዩ ፍላጎት ለጠያቂው ጕዳዩ አልነበረም፤ ከጠንቋዩ ጋር ወዳጅነት ለመፍጠር ብሎ የሄደ ሰው አልተሰማም።

ሚሲዮናውያን ወደዚህ ምድር ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ከጋሞና ጎፋ ተራሮች ወገን ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ተነሣ። ኤሳ ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አንድ ጦሳ ብቻ እንዳለ፣ ለመናፍስት መሠዋት እንደሚገባ የሚነገረው ከንቱ እንደሆነ እያወጀ በወላይታና በአካባቢው አገሮች ዞረ። ሕዝቡ በየመንደሩ ተከተለው። ባለ ሥልጣናት ግን ብዙ ሰው የሚከተለውን ሰው ስለሚፈሩ ታሰረ። ኤሳ ኢየሱስን አልሰበከም፤ ስሙን በሚገባ ስለ ማወቁም ማስረጃ የለንም። ሆኖም በኋላ ወንጌል በወላይታ ሲሰበክ «ይህ ኤሳ የነገረን አምላክ ነው» ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ስለ ኤሳ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሰጠው ትምህርት አለመሙላቱ ነው። ሰው በጠንቋይ ደጅ መቆሙን ትቶ ወደ ፈጣሪ እንዲዞር ነገረ፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አልነገራቸውም።

አሁን ወደ ርእሳችን እንምጣ። ዶክተር ቶማስ ላምቢ አሜሪካዊ ሐኪም ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ገደማ ከሱዳን በኩል ወደ ምዕራብ ወለጋ፣ ሳዮ ገብተው አገልግለዋል፤ ኋላም በአዲስ አበባ ሆስፒታል አቋቁመዋል። ከዚያ ወንጌል ወዳልደረሰበት ወደ ደቡብ ምዕራብ የመሄድ ሸክም አደረባቸው። ከአልፍሬድ ባክስተንና ከጆርጅ ሮድ ጋር አንድ ትንሽ ሚሲዮን መሠረቱ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ጋር ተዋሐደ። በ1920 ዓ.ም. በበቅሎ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሐሳባቸው ጅማ ነበር። ወላይታ፣ ሲዳማና ሐድያ ዋናው ግባቸው አልነበሩም።

ጅማ አልደረሱም። በመንገድ ላይ የከምባታው ገዢ ደጃዝማች ሞሸሻ ተቀበሏቸው፤ በግዛታቸውም እንዲሠሩ ወደዱ። ከዚያ ወደ ወላይታ አለፉ፤ ደጃዝማች ይገዙ ነበሩ። ወደ ሲዳሞም ሄዱ፤ ደጃዝማች ብሩ ነበሩ። በእነዚህ ሦስት ገዢዎች አገር በሆሳዕና፣ በሶዶና በሲዳሞ ሦስት ጣቢያዎች ተከፈቱ። ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የወንጌል አማኞች ካሉ፣ ከዚያ ትልቅ ክፍል የተጀመረው ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄዱ በመንገድ በተቀሩ ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ላምቢና ጓደኞቻቸው ከአዲስ አበባ ሳይነሡ ብትጠይቋቸው «ምሪታችን ጅማ ነው» ይሉ ነበር። ጸልየዋል፣ ጾመዋል፣ ካርታ አይተዋል። ተሳስተው ነበር ማለት ነው? እኔ እንደዚያ አልልም። የሚያውቁትን ያህል ይዘው ተነሡ፤ የማያውቁት በመንገድ ላይ ተነገራቸው፤ ያውም በሕልም አልነበረም፣ እንግዳ በሚቀበል አንድ ገዢ አፍ እንጂ። ቤታቸው ተቀምጠው የመጨረሻውን አድራሻ እስኪያውቁ ቢጠብቁ ኖሮ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ በነበሩ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን አንብቡት። ጳውሎስም የገጠመው ይኸው ነው። ወደ እስያ ሊሄድ አሰበ፣ ተከለከለ። ወደ ቢታንያ ሞከረ፣ በሩ ተዘጋ። ሉቃስ መንፈስ ቅዱስ እንዴት አድርጎ እንደ ከለከላቸው አይነግረንም፤ በሽታ ይሁን፣ የወታደር ኬላ ይሁን፣ የውስጥ ጭንቀት ይሁን አናውቅም። ጢሮአዳ ሲደርሱ ጳውሎስ በሌሊት ራእይ አየ። አብዛኞቻችን የምንሰብከው ይህችን ራእይ ነው። ግን ቁጥር 10ን አስተውሉ፤ ራእዩን ያየው አንድ ሰው ሲሆን የወሰኑት ብዙዎች ናቸው። ሉቃስ በዚያ ስፍራ ላይ «እኛ» ብሎ መጻፍ ይጀምራል። ያዩትን አብረው መርምረው ነው ወደ መርከብ የሄዱት። በፊልጵስዩስ የጠበቃቸውም በራእይ የታየው የመቄዶንያ ሰው አልነበረም፤ በወንዝ ዳር የሚጸልዩ ሴቶችና እስር ቤት ነበር። ያቺ እህት የነበረችው በዚያ ቢሆን ምናልባት እስር ቤት ውስጥ «ምን በድዬው ይሆን?» ትል ነበር። ጳውሎስና ሲላስ ግን በዚያ ሌሊት ዘመሩ።

ሶዶ ላይ ሥራው ፈጥኖ አልበዛም። የመጀመሪያዎቹ 10 አማኞች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሚሲዮናውያን ከመጡ ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ጣልያን ወረረ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከሶዶ ሲባረሩ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው ያለው ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው፤ የሥነ መለኮት ትምህርት ያለው የለም፤ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነበር። የሚመክሯቸው የውጭ አገር ሰዎች ሄደዋል። የጣልያን አስተዳደር መሰብሰብን አይወድም። ዋንዳሮ ዳባሮና ቶሮ ዱቡሾን የመሳሰሉ የወንጌል ሰዎች በአደባባይ ተገርፈዋል፣ ታስረዋል።

እስቲ በእነዚያ ሰዎች ቦታ ሁኑ። እንሰብሰብ ወይስ እንበተን? አዲሱን አማኝ ማን ያጥምቀው? ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሲያምን ምን እናድርገው? ዘመድ ሲሞት በልቅሶው ላይ የሚደረገውን አንሳተፍም ብንል ከጎረቤት ጋር እንዴት እንኖራለን? እነዚህ ጥያቄዎች ለእኛ የፈተና ጥያቄ ይመስላሉ፤ ለእነርሱ ግን የዕለት እንጀራ ነበሩ። የሚጠይቁት ነቢይ አልነበረም። ሽማግሌዎችን ከመካከላቸው መረጡ፣ አብረው ተቀመጡ፣ በእጃቸው ያለውን ጥቂት ቃል ደጋግመው ሰሙ፣ ጸለዩ፣ ተመካከሩ፣ ወሰኑ። ሚሲዮናውያን ከስደቱ ዘመን በኋላ ሲመለሱ 48ቱ ወደ 10,000 ደርሰው እንዳገኟቸው ይነገራል።

ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ላይ እናጨበጭብና እናልፋለን። እኔ የምትገርመኝ የጣልያን ዘመኗ ቤተ ክርስቲያን አብሮ የመቀመጥ ልማዷ ነው። አንድም ሰው ብቻውን «ጌታ ነግሮኛል» ብሎ ሁሉን የሚጎትትበት መንገድ አልነበረም። ዛሬ እኛ ስልክ ይዘን፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአምስት ዓይነት ትርጉም ይዘን፣ የእጮኛችንን ነገር ለማናውቀው ሰው በቴሌግራም እንልካለን።

አሁን የማነሣው ደስ የማይል ክፍል ነው፤ ግን ታሪክ ስናስተምር የምንወዳቸውን ሰዎች ስሕተት መደበቅ አይገባንም። ዶክተር ላምቢ የኢትዮጵያ ዜግነት እስከ መቀበል የደረሱ፣ በወረራው ጊዜ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ውስጥ በኃላፊነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ጣልያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ግን ሥራው እንዲቀጥል ብለው ከአዲሱ አስተዳደር ጋር ለመስማማት ሞከሩ፤ ቀድሞ በጣልያን ላይ ከተናገሩትም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዓላማቸው ጣቢያዎቹን ማዳን ነበር። ጣቢያዎቹ አልዳኑም፤ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ። ያ ውሳኔ በኢትዮጵያውያን ዘንድ አስቆጣ፤ ከነጻነትም በኋላ ላምቢ ተመልሰው በኢትዮጵያ አላገለገሉም። ሕይወታቸው ያለፈው በኢየሩሳሌም ነው።

ያው ሰው ናቸው። በ1920 የተዘጋውን መንገድ ተቀብለው በተከፈተው ገቡ፤ በ1928 የተዘጋውን ሊቀበሉ አልቻሉም። በሁለቱም ጊዜ ጸልየዋል ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱን እንዲህ አየዋለሁ፤ በመጀመሪያው ጊዜ የቀረበላቸው የመንገድ ምርጫ ነበር፣ በሁለተኛው ጊዜ ግን እውነትን የመናገርና ያለመናገር ጕዳይ ነበር። ጅማ ይሁን ሶዶ ለሚለው መልስ ከእግዚአብሔር መጠበቅ ይቻላል። ያዩትን ግፍ አይቻለሁ ማለት ይገባል ወይስ አይገባም ለሚለው ግን አዲስ ምሪት አያስፈልግም፤ መልሱ ከሙሴ ዘመን ጀምሮ ተጽፏል። በእኔ አስተያየት ከብዙ ወጣቶች ጋር ስንነጋገር የሚደባለቁብን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንድ ወንድም ጉቦ ሰጥቶ መቀጠር እንዲችል «የጌታን ፈቃድ እየፈለግሁ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ፈቃዱ እኮ ታውቋል!

ወንጌል ወደ ጋሞ ተራሮች በስፋት የዘለቀው በኋላ በወላይታ ወንጌላውያን ጭምር ነው። ከወላይታ አጥቢያዎች ተመርጠው፣ ሽማግሌዎች እጅ ጭነውባቸው፣ ቤተሰብ ይዘው ወይም ትተው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮና ወደ አሪ የወጡ ገበሬዎች ናቸው። ወላይታና ጎረቤቶቿ በቀድሞ ዘመን የተዋጉ ሕዝቦች መሆናቸውን አትርሱ። ቆላው ወባ ነው፣ ደጋው ብርድ ነው። ብዙዎቹ እነማን እንደሚቀበሏቸው አያውቁም ነበር። የሚያውቁት አጥቢያቸው እንደ ላካቸውና ጌታ ሂዱ ማለቱን ነበር። ከዚህ የበለጠ ዝርዝር ይዘው የወጡ አይመስለኝም።

በጋሞ ያመኑት የመጀመሪያ አማኞችም ቀላል አልሆነላቸውም። ለመሥዋዕት አናዋጣም ሲሉ ከመንደር ኑሮ ተገለሉ፤ እሳት እንኳ የሚያውሳቸው ያጡ ነበሩ። በደርግ ዘመንም በጋሞ ጎፋ ብዙ አጥቢያዎች ተዘጉ፣ ሰዎች በየቤቱ ተሸሽገው ጸለዩ። ያንን ዘመን የኖሩት አባቶችና እናቶች አሁንም አሉና ከእኔ ይልቅ እነርሱን ጠይቋቸው፤ ቀኑ ሳይመሽ።

በነገራችን ላይ የጨንቻን ፖም ታውቁታላችሁ። ከአርባ ምንጭ አውቶቡስ ተራ ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። ፖም ወደዚያ ደጋ የገባው በሚሲዮናውያን ነው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ አስፋፋው። የመጀመሪያዋን ችግኝ የተከለው ሰው በሽማግሌነቱ ዘመን የሚመጣውን ገበያ አይቶ የተከለ አይመስለኝም። ምናልባት የአገሩ ፍሬ ናፍቆት ይሆናል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ቀን ላስታውሳችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ብዙ ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ለሽመና ሥራ ከዶርዜና ከሌላውም የጋሞ መንደር የሄዱ ወገኖቻችን ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ሐዘኑ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከሰልፉ ውስጥ በከተማችን ወደሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ለመሄድ የተነሡ ነበሩ።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ የእኛም ልጆች ነበሩ፤ እሑድ የሚዘምሩ፣ ረቡዕ የሚጸልዩ። አንዱ ኋላ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። «በዚያ ሰዓት ስለ ጌታ ፈቃድ አላሰብሁም፤ ስለ ወንድሞቻችን ደም ብቻ ነበር የማስበው» አለኝ። እኔ በእርሱ ላይ አልፈረድሁም። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሦስት ቀን ጾም ጊዜ አይሰጥም። መንገዱ መካከል ላይ የሚወሰን ነው።

በዚያን ጊዜ የጋሞ አባቶች መጡ። ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት በአስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። መሣሪያ አልያዙም፤ ፖሊስም አልነበሩም። ልጆቻቸውን «አታድርጉት» ብለው ለመኗቸው። በጋሞ ሥርዓት ርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ አባትን አልፎ መሄድ ከባድ ነውር፣ ከባድ ጎሜ ነው። ወጣቶቹ ቆሙ። ንብረት አልነደደም፤ የማንም ደም አልፈሰሰም። ያ ምስል ኋላ አገሩን ሁሉ ዞረ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የወጣቶች ጥናት ላይ ሞቅ ያለ ክርክር ተነሣ። «ይህ እኮ የድሮው ሥርዓት ነው፣ ጎሜ ነው፣ እኛ ከዚያ ነጻ ወጥተናል» ያለ ነበር። ነጻ ወጥተናል፤ ይህንን አልሸፍንም። የክርስቶስ ልጆች እርግማንን ፈርተው አይኖሩም፤ ከላይ እንደ ነገርኋችሁ ለዚህ ነጻነት የመጀመሪያዎቹ አማኞች ዋጋ ከፍለዋል። ግን ጥያቄውን እንገልብጠው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበረ አንድ ክርስቲያን ወጣት፣ የማንም ጎሜ ሳያስፈራው፣ የበቀል ነገር የጌታ እንደሆነ ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ያውቃል። ያውቀዋል፣ ግን በዚያ ሰዓት አልሰማውም። እንዲሰማው ያደረገው የአንድ ሽማግሌ ጉልበት አስፋልት ሲነካ ማየቱ ነው። እኔ ያንን ምሪት አይደለም ለማለት አልደፍርም። እግዚአብሔር ዳዊትን ከናባል ቤት ደም ያቆመው በአቢግያ መንበርከክ አልነበረምን? ዳዊትም ወዲያው ይህችን ሴት የላካት ማን እንደሆነ ገባው (1 ሳሙኤል 25)። ሰማይ አልተከፈተም፤ አንዲት አስተዋይ ሴት እንጀራና ወይን በአህያ ጭና መጣች እንጂ።

ጋሞዎች ዱቡሻ ላይ ሲቀመጡ ሥርዓቱን ያያችሁ ታውቃላችሁ። በምርቃት ይጀመራል። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በድምፅ ብልጫ አይቋጭም፤ እስኪግባቡ ድረስ ይቀጥላል፣ ዛሬ ካላለቀ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። የኢየሩሳሌም ጉባኤም በሐዋርያት ሥራ 15 እንዲሁ ብዙ ክርክር ተደርጎበት፣ ጴጥሮስ ተናግሮ፣ በርናባስና ጳውሎስ መስክረው፣ ያዕቆብ ከነቢያት መጻሕፍት አገናዝቦ ነው መንፈስ ቅዱስና እኛ ወስነናል ያሉት። ለእኔ ይህ ክፍል በጋሞ ላደገ ልጅ ከማንም በላይ የሚገባ ይመስለኛል። ሥርዓቱ ውስጥ ያለውን መሥዋዕት ትተን ትዕግሥቱንም አብረን ጥለነው እንደሆነ አንዳንዴ እጠራጠራለሁ።

እኔም ልናገር፤ በሃያዎቹ ዕድሜዬ «ዘንድሮ ወደ ውጭ ትሄዳለህ» ብሎ የተናገረኝን አንድ ሰባኪ አምኜ የቀረበልኝን ሥራ እንቢ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጫለሁ። የአጥቢያዬን ሽማግሌዎች አላማከርሁም፤ እንዳይቃወሙኝ ፈርቼ ነው። ያን ዓመት አባቴ ነበሩ የመገቡኝ። ሰባኪውን አልከሰውም። የሄድሁት አያቴ ወደሚሄዱበት ቤት ነበር፤ ልዩነቱ በጉ አለመታረዱ ብቻ ነው።

ከሴቻ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ አባያና ጫሞ በሁለት ወገን፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ይታያችኋል። ከላይ ሲታይ መሬቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ግልጽ ነው። ነጭ ሣርን ለማየት በዚያ በኩል በመኪና ስትሄዱ ግን የሚታያችሁ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ከፊታችሁ ያለው መታጠፊያ ነው። ላምቢ በ1920፣ ሽማግሌዎቹ በ1929፣ ወንጌላውያኑም ተራራውን ሲወጡ ያዩት ይህን የታችኛውን ነው። የላይኛውን የምናየው እኛ ነን፣ ያውም ወደ ኋላ ብቻ።

ስምሽን ያልጻፍሽው እህቴ፣ አሁን ለአንቺ። ጌታ ዝም ያለሽ ምናልባት የጠየቅሽው ሊነግርሽ ያልፈለገውን፣ ማለትም ነገን ስለሆነ ይሆናል። የበደልሽ ነገር ካለ ለይቶ ያሳይሻል፤ በጅምላ አያስፈራራሽም፤ እንዲህ ያለው ማስፈራራት የእርሱ ጠባይ አይደለም። እናትሽን ማክበር እንዳለብሽ ታውቂያለሽ፤ ይህ አልተደበቀም። እንዴት ማክበር እንዳለብሽ ግን ሁለት መንገድ አለው። ጨንቻ ሆነሽ ውኃ ታቀብያቸዋለሽ፤ አዲስ አበባ ሆነሽ የመድኃኒታቸውን ትልኪያለሽ። የትኛው እንደሚሻል ከዚህ ሆኜ ልወስንልሽ አልችልም፣ እናትሽን አላውቃቸውምና። እርሳቸው ራሳቸው ምን ይላሉ? ጠይቀሻቸዋል? በወረቀቱ ላይ አውሮፕላኑ አለ፣ የደመወዙ ልዩነት አለ፤ የእናትሽ ሐሳብ ግን የለም።

በሚመጣው እሑድ ከፕሮግራሙ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎችና እማማ ከሴቶች ኅብረት ይቆያሉ። ሌላ ወረቀት ሳጥን ውስጥ አትጨምሪ። እናትሽ መምጣት ከቻሉ አብረሽ አምጫቸው፤ ካልቻሉ እኛ ወደ ጨንቻ እንወጣለን፤ መኪና ያለው አንድ ወንድም አናግሬያለሁ። ጃኬት ብቻ አትርሺ፣ ጉሙ በዚህ ወር ይከብዳል።